የባሕር በር ክርክር የዘለለው ጉዳይ፦ ሞገድ፣ አሸዋ እና የወደብ ቦታ

ከ2023 መገባደጃ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጅማ ውስጥ የባሕር ነገር የሚነሣው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጉዳዩን በይፋ ካነሡ በኋላ አገሩን ያዳረሰው የባሕር በር ክርክር ነው። ሌላው ቡና ነው። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲከፈት፣ ብዙዎቹ የመርከብ ድርጅቶች አፍሪካን በደቡብ ጫፍ (በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ) መዞር ያዙ። ከጅቡቲ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሚሄድ ጭነት በዚያ በኩል ከዞረ መንገዱ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል።

ሁለቱም ወሬዎች አንድ ያልተነገረ ግምት አላቸው። ካርታው ላይ ሰማያዊው ቀለም መሬት የሚነካበት መስመር ሁሉ እኩል ነው፣ ልዩነቱ የኪሎ ሜትርና የባለቤትነት ብቻ ነው የሚል ግምት ነው። ባሕር ዳር የሚሠሩ መሐንዲሶች ግን ስለ አንድ ቦታ በቅድሚያ የሚጠይቁት ስለ ሞገዱ ነው፦ ከየት ይመጣል? ቁመቱ ስንት ነው? በየስንት ሰከንዱ ይመላለሳል? አሸዋውን ወዴት ይገፋዋል? መርከብ ቆሞ ጭነት የሚያወርድበትንና ቆሞም ማውረድ የማይችልበትን ዳርቻ የሚለየው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። ብዙ ሚሊዮን ዶላር ፈሶበት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሸዋ የሚደፈን ወደብም የሚገኘው መልሱ ሳይታወቅ በተጀመረ ቦታ ነው።

ሞገድ ከምን ይወለዳል?

ዳርቻ ላይ የምናየው ሞገድ አብዛኛው የነፋስ ልጅ ነው። መጠኑን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የነፋሱ ፍጥነት፣ ሳያቋርጥ የነፈሰበት ጊዜ፣ እና ያለ ከልካይ የሮጠበት የውኃ ስፋት። ሦስተኛውን እዚህ የነፋስ መንደርደሪያ እንበለው።

የመንደርደሪያን ጉልበት ለማየት ከጅማ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አቅጣጫ ያለው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሐይቅ ለነፋስ የሚሰጠው ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ብቻ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 5 ኪሎ ሜትር ውኃ ላይ ቢሮጥ የሚያነሣው ሞገድ ግማሽ ሜትር አይሞላም፤ ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ያለውም ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ያው ነፋስ በክፍት ውቅያኖስ ላይ ከአንድ ቀን በላይ ቢነፍስ ሞገዱ ከሁለት ሜትር ያልፋል፣ የመመላለሻ ጊዜውም በብዙ ይረዝማል። ሐይቅ ላይ ያየነውን አይቶ ባሕርን መገመት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

የመመላለሻ ጊዜ ማለት አንድ የሞገድ ጫፍ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪያልፍ ያለው የሰከንድ ብዛት ነው። በወሬ ላይ የሚነሣው ሁልጊዜ ቁመት ቢሆንም ብዙውን ነገር የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። በጥልቅ ውኃ ላይ የሞገዱ ርዝመት በሜትር የሚገኘው ሰከንዱን በራሱ አባዝቶ ውጤቱን በ1.56 በማባዛት ነው። ባለ 5 ሰከንድ ሞገድ 39 ሜትር፣ ባለ 10 ሰከንድ 156 ሜትር፣ ባለ 15 ሰከንድ ደግሞ 351 ሜትር ይረዝማል። ረጅሙ ፈጣን ነው፤ ባለ 15 ሰከንዱ በሰዓት 84 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ረጃጅሞቹ ሞገዶች ከወለዳቸው ነፋስ ቀድመው ይወጡና ነፋስ የሌለበት ዳርቻ ድረስ ይደርሳሉ። ባሕረኞች እንዲህ ያለውን ተጓዥ ሞገድ ስዌል ይሉታል። ጸጥ ባለ ቀን ከባድ ሞገድ ዳርቻ ሲመታ ነዋሪው ምክንያቱ የሚጠፋበት፣ ምክንያቱ ከሺህ ኪሎ ሜትሮች ወዲያ ስለሆነ ነው።

ሞገድ ሲጓዝ ውኃው አብሮ አይጓዝም። ግድቡ ላይ የተንሳፈፈን ጭራሮ ጥቂት ደቂቃ ላስተዋለው ይህ ግልጽ ነው፤ ጭራሮው ወደ ላይና ወደ ፊት፣ ከዚያም ወደ ታችና ወደ ኋላ ይዞርና ከሞላ ጎደል በቦታው ይቀራል። ከገጹ በታች ያለው ውኃም እንደዚያው ክብ ይሠራል። ክቡ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር እየጠበበ ይሄድና የሞገዱ ግማሽ ርዝመት ያህል ጥልቀት ላይ ሲደረስ የገጹን 4 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ተጓዡ ጉልበቱ ነው፣ ጉልበቱም በቁመቱ እጥፍ አያድግም፤ ቁመት እጥፍ ሲሆን ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለት ሜትር ቁመትና 10 ሰከንድ ያለው የሞገድ ረድፍ በእያንዳንዱ የዳርቻ ሜትር 20 ኪሎዋት ያህል ያደርሳል። 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳርቻ የግልገል ጊቤ አንድን 184 ሜጋዋት የሚያህል ኃይል ሌት ተቀን ይቀበላል ማለት ነው። ያ ኃይል የሆነ ቦታ ላይ መዋል አለበት፤ የሚውለውም አሸዋ በማንቀሳቀስ፣ ድንጋይ በመሰንጠቅና ግንብ በመነቅነቅ ነው።

ወለሉን ሲነካ

ሞገድ የርዝመቱን ግማሽ ያህል ወደሚጠልቅ ውኃ ሲገባ የታችኛው ክብ ወለሉን ይነካል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ከኋላው ያሉት ይደርሱበትና ይጠጋጋሉ፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ ጀርባውም ይሾላል። በጣም ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ጥልቀቱ ብቻ ነው፤ በ10 ሜትር ጥልቀት በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ፣ በ2 ሜትር ጥልቀት 4.4 ሜትር ይሆናል። ቁመቱ የጥልቀቱን ሦስት አራተኛ አልፎ ሲሄድ ጫፉ ከእግሩ ቀድሞ ይፈርሳል። ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ሞገድ የሚሰበረው ውኃው ሁለት ሜትር ገደማ ሲሆን ነው።

ፍጥነት በጥልቀት መወሰኑ ሌላ ውጤት አለው። አንድ የሞገድ ረድፍ ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ጥልቀት ያነሰበት ክፍል ይዘገያል፣ ጥልቁ ላይ ያለው ይቀድማል፣ ረድፉም ይታጠፋል። ወደ ባሕር በወጣ አለታማ ጉብታ ዙሪያ ረድፎቹ ከሁለት በኩል ታጥፈው ጉልበታቸውን ጉብታው ላይ ያጠራቅማሉ፤ ወደ ውስጥ በገባ ወሽመጥ ግን ይዘረጋሉ፣ ጉልበታቸውም ይሳሳል። ጉብታ የሚሸረሸረውና ወሽመጥ አሸዋ የሚይዘው በዚህ ነው። የጥንት መርከበኞች ሒሳቡን ባያውቁትም ውጤቱን ያውቁት ነበር፤ የቆዩት የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች አቀማመጥ ምስክር ነው።

የሞገዱ ጠባይ በዳርቻው አሸዋ ላይም ይታያል። ሰፌድ ገለባውን ከፍሬው እንደሚለይ፣ ሞገድም ከባዱን ጠጠርና አሸዋ ዳር ላይ አስቀርቶ ደቃቁን ጭቃ ወደ ጥልቁ ይልከዋል። በማዕበል ወቅት ሾለው የሚመጡት ተደጋጋሚ ሞገዶች አሸዋውን ከዳር እየቦረቦሩ ራቅ ብሎ ውኃ ውስጥ ይከምሩታል፤ በጸጥታው ወቅት ዝግተኛው ስዌል ያንኑ አሸዋ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። አንድ ዳርቻ በአንድ ወቅት ብቻ ታይቶ «እየተበላ ነው» ወይም «እየሰፋ ነው» ቢባል የማያስተማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሸዋው የሚሄድበት መንገድ

በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁ ስሕተትና ትልቁ ወጪ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሞገድ ዳርቻን ፊት ለፊት የሚመታው አልፎ አልፎ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰያፍ ሆኖ ይመጣል። ሲሰበር ውኃው አሸዋውን ይዞ በሰያፍ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲመለስ ግን በቁልቁለቱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት በየሞገዱ ትንሽ ወደ ጎን ይገፋል። በተጨማሪም ሰያፉ ሞገድ በሚሰበርበት ቀጠና ውስጥ ከዳርቻው ጎን ለጎን የሚሄድ ጅረት ይፈጥራል፣ የተቦካውን አሸዋም ይዞት ይነጉዳል። በአንድ ሞገድ ኢምንት የሆነው በዓመት ሲደመር ብዙ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ደርባን ላይ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ወደ ሰሜን ያልፋል።

እንግዲህ በዚህ የአሸዋ መንገድ ላይ አንድ ግንብ ወደ ባሕር እናስገባ። አሸዋው ግንቡ ጋ ይቆማል። ከመጣበት በኩል ያለው ዳርቻ ይሰፋል። በማዶ በኩል ግን ሞገዱ ጉልበቱን ሳያጣ አሸዋ መውሰዱን ይቀጥላል፣ የሚተካ ግን አይመጣም። የሕንዷ ቼናይ ይህን ቀድመው ካሳዩት አንዷ ናት፦ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የወደቡ ግንቦች ሲሠሩ በስተ ደቡብ ያለው ዳርቻ እየሰፋ ዛሬ ማሪና የሚባለው ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ሆነ፤ በስተ ሰሜን ያሉት ሰፈሮች ደግሞ በባሕር ተበሉ። ቶጎ ውስጥ በ1960ዎቹ የሎሜ ወደብ ከተሠራ ወዲህ በስተ ምሥራቅ ያለው ዳርቻ በአንዳንድ ቦታ በዓመት እስከ 10 ሜትር እየተሸረሸረ ቤቶችና መንገድ ሄደዋል። ደርባን ግን አሸዋውን ከወደቡ አፍ እየጠረገች በስተ ሰሜን ወዳሉት ዳርቻዎች ትመልሳለች። ጠረጋው ከወደቡ ጋር አብሮ የሚኖር ወጪ ነው።

የአሸዋ ምንጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንዝ ነው፣ በዚህ በኩል ጅማም የባሕር ባይሆን የሐይቅ ዳርቻ ባለ ድርሻ ናት። የአካባቢው አፈር በግልገል ጊቤ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም በኦሞ በኩል እስከ ቱርካና ሐይቅ ሲጓዝ ኖሯል። ቱርካና 250 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ መውጫ የሌለው፣ ከደቡብ ምሥራቅ ብርቱ ነፋስ የሚነፍስበት ሐይቅ ነው። መንደርደሪያው ረጅም ስለሆነ ሞገዱም የሐይቅ ትንሽ ሞገድ አይደለም፤ በምዕራቡ ዳርቻ አሸዋ እየገፋ የፈርጉሰን ወሽመጥን የሚከልለውን ረጅም የአሸዋ ምላስ ሠርቷል። በሰሜን ጫፍ የኦሞ ዴልታ አለ። ዴልታ ወንዝ የሚያመጣውና ሞገድ የሚወስደው ሲተያዩ ወንዙ የበለጠበት ቦታ ነው። የኦሞ ዴልታ በ1970ዎቹና 80ዎቹ በእጅጉ ወደ ሐይቁ ሲገባ አንዳንዶች ምክንያቱን የደጋው አፈር መሸርሸር፣ ሌሎች የሐይቁ ውኃ መጉደል አድርገውታል። ሁለቱም ሠርተዋል። ውኃው ሲጎድል ወለሉ ይገለጣል፣ አዲሱ ደለልም የሚሸፍነው ጥልቀት ያንሳል። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ መልሶ ከፍ ሲል ዳሰነች አካባቢ የተፈናቀሉት ሰዎች የዚያ መሬት ነዋሪዎች ናቸው።

ከ2004 ጀምሮ ግልገል ጊቤ አንድ፣ ከዚያም ጊቤ ሦስት ደለሉን በየተራ ስለሚያስቀሩ ወደ ዴልታው የሚደርሰው ይቀንሳል። ውጤቱ ምን ሊመስል እንደሚችል አባይ አፍ ላይ ታይቷል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደውን ደለል ሲይዝ፣ የሜዲትራኒያን ሞገድ መውሰዱን አላቆመምና የሮዜታ ጫፍ ኪሎ ሜትሮች ወደ ኋላ ተበላ። ከግድቡ በፊትም መሸርሸር ጀምሮ እንደነበር የሚከራከሩ አሉ፣ እውነታቸውን ነው፤ ግድቡ ያመጣው ልዩነት የፍጥነቱ ነው።

«የትም ይሠራል» እና «ተፈጥሮ ያልሰጠው አይሆንም»

በክርክሩ ውስጥ ሁለት ጽንፎች አሉ። አንዱ ወገን ገንዘብ ካለ ማንኛውም ዳርቻ ወደብ ይሆናል ይላል። ሌላው የተፈጥሮ ከለላ የሌለውን ቦታ ከነጭራሹ ይተወዋል።

ለሁለተኛው ወገን ማስረጃው ካርታው ነው። ምጽዋ በደሴቶቿ ተጠልላለች፣ አሰብ በወሽመጧና ፊቷ ባሉት ደሴቶች፣ በርበራ በአሸዋ ምላስ፣ ጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ። ላሙ ላይ በ2021 ሥራ የጀመረው አዲሱ ወደብ የተቀመጠው ከማንዳ ደሴት ጀርባ ነው። ሞምባሳ ያለችበት ጥልቅ የባሕር ክንድ፣ ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ባለበት ዘመን ወንዞች የቆፈሩት ሸለቆ ነው። በተቃራኒው የሶማሊያ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ከሰኔ እስከ መስከረም ለደቡብ ምዕራቡ የሞንሱን ነፋስ የተጋለጠ ነው፤ በእነዚያ ወራት አነስተኛ የዓሣ ጀልባዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ውጭ ናቸው። ሁለት ዳርቻዎች በርቀት ቢቀራረቡም እንዲህ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ወገንም ልክ ነው፤ ዋጋውን ካልዘለለው። የሞገድ መከላከያ ግንብ የሚሸፈነው እርስ በርስ በሚያያዙ ትልልቅ ድንጋዮች ነው። መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ቀመር የአንዱ ድንጋይ ክብደት የሚያድገው በሞገዱ ቁመት ሦስትዮሽ ብዜት ነው፤ ቁመት እጥፍ ሲሆን ክብደት ስምንት እጥፍ ይሆናል። ሦስት ሜትር ሞገድ ለሚደርስበት ግንብ፣ ቁልቁለቱ ለአንድ ሜትር ከፍታ ሁለት ሜትር ስፋት ቢሆን፣ 3 ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ይበቃል። ሞገዱ ስድስት ሜትር ሲሆን 24 ቶን ይጠየቃል። እንደዚያ ያለ ድንጋይ ከተራራ ፈልጦ ማጓጓዝ አስቸጋሪ ስለሆነ በኮንክሪት ይተካል። ኮንክሪቱም ቢሆን ዋስትና አይደለም፤ ፖርቹጋል ሲነሽ ላይ እያንዳንዳቸው 42 ቶን በሚመዝኑ ኮንክሪቶች የተሸፈነው ግንብ ገና ተሠርቶ ሳያልቅ በፌብሩዋሪ 1978 ማዕበል ፈራርሷል።

ብዙም የማይወራለት ሌላ ችግር አለ። ትልልቅ ሞገዶች በቡድን ስለሚመጡ ከእነሱ ጋር ከ30 ሰከንድ እስከ ደቂቃዎች የሚመላለስ፣ ቁመቱ ከጥቂት ሳንቲ ሜትር የማይዘልና በዓይን የማይለይ ረጅም ሞገድ ይጓዛል። ይህ ሞገድ በግንቡ አፍ ገብቶ ከወደቡ ቅርጽ ጋር ከተገጣጠመ ውስጥ ያለው ውኃ በሙሉ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የታሰረው መርከብ ፊትና ኋላ ይንሸራተታል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ክሬኑ ኮንቴይነሩን ከቦታው ማሳረፍ ያቅተዋል። የደቡብ አፍሪካው ንቁራ ወደብ ሥራ ከጀመረ በኋላ ያጋጠመው ይኸው ነው። ግንብ ማርዘም ብቻውን አይፈታውም፤ የወደቡን ቅርጽ በሞዴል መፈተን ያስፈልጋል።

ሚዛኑ፣ በእኛ አስተያየት፣ የሚያጋድለው ወደ ከለላው ነው። የተከለለ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ የሚወጣው ገንዘብ፣ ክፍት ዳርቻ ላይ በጠረጋና በጥገና ስም በየዓመቱ ይደገማልና። ኮራልም ከከለላ ይቆጠራል፤ ጤነኛ የኮራል አጥር በአማካይ 97 በመቶ የሚሆነውን የሞገድ ጉልበት ያስቀራል። ለመርከብ መግቢያ ተብሎ የሚቆረጥ ወይም በውኃ ሙቀት የሚሞት ኮራል ይህን ሥራ ያቆማል። በ2006 እና 2018 መካከል በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ያህል ሲያድግ የነበረው የዓለም የባሕር ከፍታም ችግሩን ያባብሰዋል፤ ውኃው በጨመረ ቁጥር ሞገዱ ሳይሰበር ወደ ዳርቻው ይበልጥ ይጠጋል።

በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ የሚዞረው ቡና

የደቡብ አፍሪካ ባሕር ክፉ የሚባለው በነፋሱ ብርታት ብቻ አይደለም። በምሥራቅ ዳርቻዋ የሚፈሰው የአጉላስ የባሕር ጅረት በሰከንድ ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ እየፈጠነ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል፤ ስዌሉ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ ወደ እሱ ይመጣል። ተቃራኒ ጅረት የገጠመው ሞገድ ያጥራል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ ይሾላል። የመርከብ ድርጅቶች ማኅበር የሆነው ወርልድ ሺፒንግ ካውንስል በ2024 ባሕር ውስጥ የወደቁትን ኮንቴይነሮች 576 ሲያደርስ 200 ያህሉ በዚያ አካባቢ የጠፉ ናቸው፤ በ2023 የዓለም ጠቅላላ 221 ነበር።

መጠኑ ሲታይ ግን ድንጋጤው የተጋነነ ነው፤ በዓመት ከሚጓጓዘው ከሁለት መቶ ሚሊዮን በላይ ኮንቴይነር አንጻር ኢምንት ነው። ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ የሚይዘውን ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይበልጥ የሚያሰጋው እርጥበት ነው። በዚህ መንገድ ጭነቱ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ ይሻገራል፣ በመካከሉም የደቡቡን ቅዝቃዜ ያገኛል። ከቡናው የወጣው እርጥበት ሲቀዘቅዝ በብረቱ ጣሪያ ሥር ጠብታ ሠርቶ ጆንያው ላይ ይወርዳል፣ ሻጋታም ያስከትላል። ላኪው እጅ ያለው መፍትሔ ቀላል ነው፦ ሲጫን የቡናው እርጥበት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ መለካት፣ የኮንቴይነሩን ግድግዳና ጣሪያ በወፍራም ወረቀት መሸፈን፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶችን መስቀል፣ ሲቻልም የውስጥ ፕላስቲክ ከረጢት መጠቀም።

ስለ ሱናሚ አጭር ማብራሪያ

ወደብ በተነሣ ቁጥር ሱናሚም ይነሣል። ሱናሚ የነፋስ ሞገድ አይደለም፤ የባሕር ወለል በመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሣ ወይም ሲሰምጥ ከላይ ያለው ውኃ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ርዝመቱ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ስለሚቆጠር 4 ሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ እንኳ ወለሉን እንደነካ ነው፣ ፍጥነቱም በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በዲሴምበር 26፣ 2004 ከሱማትራ የተነሣው ከሰባት ሰዓት ገደማ በኋላ የሶማሊያን የሃፉን አካባቢ መትቶ በአገሪቱ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። ለወደብ ንድፍ ግን የየዕለቱ ሞገድ ከሱናሚ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሳኝ ነው።

ስለ አንድ ቦታ ምን መጠየቅ አለበት?

ስለ ማንኛውም ወደብ ስምምነት ሲወራ መታየት ያለበት የመጀመሪያው ሰነድ የሞገድ መዝገቡ ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት በተንሳፋፊ መሣሪያ የተለካ፣ ከዚያም ከአሥርት ዓመታት የነፋስ መረጃ ጋር የተመሳከረ መሆን አለበት። እዚያ የሚጠቀሰው የሞገድ ቁመት ደግሞ ከሁሉ የላቀው አይደለም፤ ከሞገዶቹ የትልልቆቹ አንድ ሦስተኛ አማካይ ነው። በጥቂት ሰዓታት ማዕበል ውስጥ ነጠላው ትልቁ ሞገድ ከዚያ ቁጥር እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ግንቡ የተነደፈው ለየትኛው ማዕበል ነው የሚለው ነው። «በመቶ ዓመት አንዴ» የተባለ ማዕበል በእያንዳንዱ ዓመት 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው እንጂ መቶ ዓመት ይጠብቃል ማለት አይደለም። 50 ዓመት በሚያገለግል ወደብ ዕድሜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድል 40 በመቶ ገደማ ነው።

ሦስተኛው፣ የአሸዋው ሒሳብ ነው፦ በዓመት ስንት ሜትር ኩብ ያልፋል፣ ወዴት፣ ከወደቡ አፍ የሚጠርገውስ ማነው? በሊዝ ለሚያዝ ቦታ ይህ አንቀጽ ከኪራዩ ዋጋ እኩል ይከብዳል። ጠረጋው የተከራዩ ግዴታ ከሆነ፣ በአጎራባቹ ዳርቻ ላይ ለሚደርሰው መሸርሸር ካሳ የሚጠየቀውም እሱ መሆን አለመሆኑ ከመፈረሙ በፊት መጻፍ አለበት።